ጠማማው ቤት፦ አንድ የቈየ የእንግሊዝ ቢራ ቤት እንዴት እንደ ጠፋ

በእንግሊዝ አገር፤ ከደድሊ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፤ በሂምሊ መንደር ዳር «ክሩክድ ሃውስ» ማለት ጠማማው ቤት በሚል ስም የታወቀ ቢራ ቤት ነበር። በ1765 የገበሬ ቤት ሆኖ ተሠራ (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)፤ በ1830 ገደማ መጠጥ ቤት ሆነ። ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ሲቈፈር መሬቱ ስለ ሰመጠ አንዱ ጐን ከሌላው 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ያህል ዝቅ አለ። ከዚህም የተነሣ በጠረጴዛው ላይ የለቀቁት ብይ ሽቅብ የሚንከባለል ይመስል ስለ ነበር፤ ይህን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነበር። የቤቱ ጉድለት ለቤቱ ገበያ ሆነለት። በ1940ዎቹ ዓመታት ያሠጋል ተብሎ እንዲፈርስ ታስቦ ሳለ፤ የአካባቢው ቢራ ጠማቂ ኩባንያ ገዝቶ በግንብ ድጋፍና በብረት አጽንቶ አዳነው።

እንዲህ ባሉ ቤቶች የሚሸጠው «ሪል ኤል» የሚባለው ቢራ መፍላቱን የሚጨርሰው በመጠጥ ቤቱ ምድር ቤት፤ በበርሜሉ ውስጥ ሆኖ ነው። ጋዝ አይጨመርበትም፤ የሚቀዳውም በእጅ ፓምፕ ነው። በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ በ3 ቀን ያህል ጊዜ ካልተጠጣ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ጠላ የሸጠ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ስለዚህ ደንበኛ ሲቀንስ ገቢው ብቻ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ይጠፋል። በጠርሙስ የታሸገው ቢራ ግን ገዢውን መጠበቅ ይችላል። ይህን የቈየ አጠማመቅ ከመጥፋት ለማዳን ጠጪዎች በ1971 ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል።

ጠማማው ቤት በ2023 በ675,000 ፓውንድ ገደማ ለሽያጭ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ተሸጠ። በኦገስት 5 ቀን ሌሊት ተቃጠለ፤ በ7ኛው ቀን ፈጽሞ ፈረሰ። ፖሊስ እሳቱን ሆን ተብሎ እንደ ተለኰሰ ቈጥሮ መረመረ። የወረዳው ምክር ቤትም የፈቀደው ከላይኛው ፎቅ አንዳንድ ክፍሎች እንዲነሡ ብቻ እንጂ ቤቱ በሙሉ እንዲፈርስ አለመሆኑን ገለጸ። ቤቱ በሕግ ከሚጠበቁ የታሪክ ሕንጻዎች መዝገብ አልገባም ነበር።

የሕዝቡ ቁጣ ግን አልበረደም። ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2024 ባለቤቶቹ ቤቱን በ3 ዓመት ውስጥ እንደ ቀድሞው አድርገው እንዲሠሩት አዘዘ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ አዲስ አይደለም፤ በለንደን በ2015 ያለ ፈቃድ የፈረሰው «ካርልተን ታቨርን» በግዴታ እንደ ገና ተሠርቶ በ2021 ተከፍቷል። ያኛው ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ቤት ነበር። የሂምሊውን ቤት ያጣመመው የማዕድን ጕድጓድ ስለ ሆነ፤ ግንበኛው ያንኑ ጥመት ለክቶ በጡብ ሊያወጣው ነው።

ባለቤቶቹ በትእዛዙ ላይ ይግባኝ አሉ።