የድሮው ስፒከር ይሂድ ወይስ ይቆይ?

ሳሎናችሁ ውስጥ አባት ወይም አጎት በወጣትነቱ የገዛው፣ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ያለው ስፒከር አለ እንበል። ሰሞኑን ድምፁ መሻከር፣ ቤዙም መጥፋት ጀምሯል። ከቤተሰቡ ግማሹ «ለቆራሌው ስጡትና አዲስ ይገዛ» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «እንዲህ ያለ ድምፅ ዛሬ የት ይገኛል!» ባይ ነው። ማን ነው ትክክል? ከመፍረዳችን በፊት ውስጡን እንየው።

ምኑ ነው የሚያረጀው?

የስፒከር መሠረታዊ አሠራር በ1925 (እ.ኤ.አ.) ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ካስተዋወቁት ብዙም አልተለወጠም። ከአምፕሊፋየር የሚመጣው ኤሌክትሪክ በማግኔት መሃል ባለ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲያልፍ፣ ጥቅሉ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል። አብሮት የሚንቀሳቀሰው ሾጣጣ ወረቀት ደግሞ አየሩን ያርገበግባል። የምንሰማው ይህንን ነው።

ማግኔቱና ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ለአሥርት ዓመታት ይቆያሉ። ቶሎ የሚያልቀው የወረቀቱን ጠርዝ ከብረቱ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በተሠሩ ብዙ ስፒከሮች ላይ ቀለበቱ ከፖሊዩሬቴን ስፖንጅ የተሠራ ነው። እርጥበት፣ ኦክስጅንና የፀሐይ ብርሃን የስፖንጁን ሞለኪውሎች ቀስ በቀስ ይበጣጥሷቸዋል። ከ10 እስከ 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው በጣት ሲነኩት እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። የጎማ ቀለበት ግን የተሻለ ዕድሜ አለው።

ሁለተኛው ካፓሲተር ነው። ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ ወደ ትንሿ ስፒከር የሚያሳልፈው እሱ ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲደርቅ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል።

ደስ የሚለው፣ ሁለቱም ይጠገናሉ። አዲስ ቀለበት በማጣበቂያ ይለጠፋል፣ ካፓሲተሩም በተመሳሳዩ ይቀየራል።

አዲሱስ ምን አለው?

በ1961 ኔቪል ቲል፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ሪቻርድ ስሞል የሳጥኑንና የስፒከሩን ግንኙነት በሒሳብ አስቀመጡ። ዛሬ ኮምፒውተር ስላለ ትንሽ ፋብሪካ እንኳ ከመሥራቱ በፊት ውጤቱን ማስላት ይችላል። ፊዚክስ ግን አይታለልም፦ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ እና በትንሽ ዋት መጮህ፣ ሦስቱ አንድ ላይ አይገኙም። አብዛኞቹ አዳዲሶች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መርጠው ዋጋውን በዋት ይከፍላሉ። በ1 ዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ትልቅ ስፒከር ካላችሁና 84 ዴሲቤል በሚሰጥ ትንሽ ብትለውጡት፣ ያንኑ ያህል ለመጮህ 4 እጥፍ ዋት ያስፈልጋችኋል። አሮጌ አምፕሊፋየራችሁ ይችለዋል?

ጆሮ ሲታለል

ሁለቱን ስታወዳድሩ ተጠንቀቁ። ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ዓይንም ጣልቃ ይገባል፦ ፍሎይድ ቱል እና ሾን ኦሊቭ በ1994 ባቀረቡት ሙከራ፣ አድማጮች ስፒከሩን እያዩ ሲሰሙ የሰጡት ነጥብ ሳያዩ ከሰጡት ተለይቶ ተገኝቷል። ስለዚህ በስስ ጨርቅ ሸፍኗቸው፣ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፣ በተመሳሳይ ቦታ አስቀምጡና ሌላ ሰው ይቀያይርላችሁ። ቦታው ለምን? የግድግዳ ጥግ ቤዙን ስለሚያጎላው ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

አምፕሊፋየሩን አጥፉና ሽፋኑን አንሱ። ወረቀቱን በሁለቱም በኩል በጣቶቻችሁ እኩል፣ በጣም በቀስታ ግፉት። ቀለበቱ ብቻ ከፈረሰና ወረቀቱ ሳይፋተግ ከተንቀሳቀሰ፣ መጀመሪያ አስጠግኑት፤ የተበላሸ ስፒከር ከአዲስ ጋር ሲወዳደር ፍርዱ ትክክል አይሆንም። የመፋቅ ድምፅ ካለ ወይም ሽቦው ተቃጥሎ መለዋወጫ ከሌለው፣ አዲስ መግዛት ያዋጣል።

ተጠግኖ፣ ተሸፍኖ ተፈትኖ አዲሱ ቢበልጠውስ? አባታችሁ «ይቆይልኝ» ሊሉ ይችላሉ። ይሄም በቂ ምክንያት ነው፤ ብቻ ምክንያቱ ትዝታ እንጂ ዴሲቤል እንዳልሆነ እወቁት።