ከኑክሌየስ ሳይወጣ፦ ስለ ዕፅዋት ኤምአርኤንኤ አሠራርና ቁጥጥር



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው የመመረቂያ ጽሑፎችን ስመረምር ደጋግሞ ከሚያጋጥመኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የጂኑ ኤምአርኤንኤ ስለ ጨመረ ፕሮቲኑም ጨምሯል።» ይህ አባባል በእንስሳትም ዘንድ ቢሆን ጥንቃቄ የሚያሻው ነው፤ በዕፅዋት ዘንድ ግን ይበልጥ ያሳስታል።

ከዲኤንኤ የተገለበጠው ጥሬ አርኤንኤ ከኑክሌየስ ከመውጣቱ በፊት በመነሻው ላይ ቆብ ይደፋለታል፤ ኢንትሮኖቹ ተቆርጠው ወጥተው ኤክሶኖቹ ይጋጠማሉ፤ መጨረሻው ተቆርጦ የአዴኒን ጭራ ይቀጠልለታል። ስለ ቆቡ ዛሬ አልናገርም። በሰው ሕዋስ በብዛት የሚታየው አማራጭ አቆራረጥ ኤክሶንን መዝለል ሲሆን፣ በዕፅዋት ግን ኢንትሮንን ሳይቆርጡ መተው ነው። እንዲህ ያለው አርኤንኤ ብዙ ጊዜ እዚያው ኑክሌየስ ውስጥ ይቀራል። ሁልጊዜ ግን ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ማርሲሊያ ቬስቲታ የተባለችው የውኃ ፈርን በደረቁ ስፖሮቿ ውስጥ ኢንትሮን ያልወጣላቸውን አርኤንኤዎች አከማችታ ታቆያለች፤ ስፖሩ ውኃ አግኝቶ ማደግ ሲጀምር በየተራ ይቆረጣሉ።

ወደ አራቢዶፕሲስ ልምጣ። ኤፍሲኤ የተባለው ፕሮቲን አበባን የሚያዘገየውን ኤፍኤልሲ የተባለ ጂን ዝቅ በማድረግ ማበብን ያፋጥናል። አርኤንኤን የሚይዝ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከጭራ ቀጣዩ መሣሪያ አካል ከሆነው ከኤፍዋይ ጋር ይሠራል። የሚያስደንቀው የሚቆጣጠረው የገዛ ራሱን መልእክት መሆኑ ነው፦ ፕሮቲኑ ሲበዛ፣ የራሱ ጥሬ አርኤንኤ በሦስተኛው ኢንትሮን ውስጥ ተቆርጦ ጭራ ይቀጠልለታል። የተገኘው አጭር መልእክት የሚሠራ ፕሮቲን አያስገኝም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ኢንትሮኖቹ የወጡለትን ኤፍሲኤ ወደ ተክሉ ሲያስገባ ልጓሙ ተፈታ፤ ፕሮቲኑ በዛ፤ ኤፍአርአይ የተባለው ጂን በኤፍኤልሲ በኩል የሚያመጣው የማበብ መዘግየትም ተሸነፈ። ኢንትሮንን «ትርፍ» ብለን ስንጠራ የኖርን ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብንል ይገባል።

እንግዲህ ወደዚያ ዓረፍተ ነገር እንመለስ። ኤፍሲኤን የሚለካ ተማሪ ፕራይመሮቹን ሁለቱንም ከሦስተኛው ኢንትሮን በፊት ቢያስቀምጥ፣ ሙሉውንና አጭሩን መልእክት ደምሮ ይቆጥራል። አንዱን ፕራይመር የሦስተኛውና የአራተኛው ኤክሶን መጋጠሚያ ላይ ቢያሳርፍ ግን የሚቆጥረው ሦስተኛው ኢንትሮን የወጣለትን መልእክት ብቻ ነው።