ለቤታችን የትኛው የኢንተርኔት መስመር ይሻላል?

ባለፈው ክረምት ከወዳጆቻችን አንዱ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት በቅርቡ የተቀጠረ ወጣት፤ ወደ ቤታችን መጥቶ ብዙ ምሬት ነገረን። በተከራየው ክፍል የፋይበር መስመር ካስገባ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ክፍያውንም በየወሩ ከደመወዙ ላይ እየቀነሰ ይከፍላል። ነገር ግን ለውጭ አገር ትምህርት ዕድል በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት የጠያቂዎቹ ፊት እንደ ሥዕል ደርቆ ቀረበት፤ የርሱም ድምፅ እየተቆራረጠ አልሰማ ስላለ ጥያቄው ሳይፈጸም ተቋረጠ። «አሥር ሜጋ ብለው ሸጡልኝ፤ አንድም አልሰጡኝ» እያለ ያዝን ነበር።

እኛም ነገሩን ከሥሩ ለማየት ብለን ማታ አብረነው ሄድን። ሞደሙ የተቀመጠው በአከራዪቱ ሳሎን፤ ከቡፌው ኋላ፤ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ነው። የልጁ ክፍል ደግሞ ከሁለት የብሎኬት ግድግዳ ወዲያ በጓሮ በኩል ነው። ኮምፒዩተሩን በገመድ ከሞደሙ ጋር ባገናኘነው ጊዜ የተሸጠለት አሥር ሜጋ ሊሞላ ጥቂት ብቻ ቀረው። እንግዲህ የተበላሸው ከመንገድ የመጣው መስመር ሳይሆን በግቢው ውስጥ ያለው የመጨረሻው አሥራ አምስት ርምጃ ኖሯል።

በዚህ ምክንያት ስለ ቤት ኢንተርኔት ጥቂት ለመናገር አሰብን። ኢንተርኔት ወደ አገራችን ከገባበት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ጊዜ ምርጫ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ወጣቱ ገዥ «የቱን ልውሰድ?» ብሎ ለመጠየቅ በቅቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የመስፈሪያው ነገር ነው። ሻጭ ፍጥነትን የሚናገረው በሜጋ ቢት ነው፤ እኛ የምናወርደው ፋይል ግን የሚለካው በባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና፤ «አሥር ሜጋ» የተባለው መስመር በአንድ ሴኮንድ የሚያወርደው አንድ ሜጋ ባይት ከሩብ ብቻ ነው። አንድ ጊጋ ባይት የሚያህል የትምህርት ቪዲዮ ለማውረድም ቢያንስ ወደ አሥራ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ይህን ያላሰላ ሰው ሳይታለል የተታለለ ይመስለዋል።

ወደ መስመሮቹ ዓይነት እንለፍ። አሮጌው በስልክ የመዳብ ሽቦ የሚመጣው ነው። ይህ ሽቦ መጀመሪያ የተዘረጋው የሰው ድምፅ እንዲያደርስ ስለ ነበረ፤ ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ኀይሉ ይደክማል። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ላለ ቤት ሃያ ሜጋ ቢት ያህል ሊያደርስ የሚችለው መሣሪያ፤ አምስት ኪሎ ሜትር ለራቀው አንድ ወይም ሁለት ሜጋ ቢት ቢሰጥ ነው። ዝናብ ወደ መጋጠሚያው ከገባም መስመሩ ይንጫጫል። ስለዚህ የመዳብ መስመር የሚገዛ ሰው የጎረቤቱን ልምድ ይጠይቅ እንጂ የማስታወቂያውን ቁጥር ብቻ አይመን።

ፋይበር የሚባለው እንደ ጠጉር የቀጠነ መስታወት ሲሆን መልእክቱ የሚተላለፍበት በብርሃን ነው። ርቀትና ዝናብ እንደ መዳቡ አያሸንፉትም። ይሁን እንጂ ለአንዱ ቤት ብቻ ተለይቶ የሚመጣ አይደለም። በብዙ ከተሞች በተለመደው አሠራር ከጣቢያው የወጣው አንድ ክር በመንገድ ላይ ተከፋፍሎ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይደርሳል። ሁሉም በጋራ የሚካፈሉት ሁለት ጊጋ ቢት ተኩል ያህል ነው። ሠላሳ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ጊዜ ቢነሡ እንኳ ለእያንዳንዱ ከሰባ ሜጋ ቢት በላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ፋይበር በደጁ የደረሰለት ሰው ሌላ ባይመርጥ ይሻለዋል።

ፋይበር ያልደረሰበት ሰፈር፤ ወይም በየስድስት ወሩ ቤት የሚለቅ ተከራይ፤ ሲም ካርድ የሚገባበትን ሞደም ቢይዝ ይጠቀማል። ግድግዳ አይበሳም፤ አከራይም አያስቆጣም፤ ዕቃው ሲጫን አብሮ ይጫናል። ጉድለቱ በአንዱ የሞባይል ማማ ሥር የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ አብሮ የሚካፈለው መሆኑ ነው። ስለዚህም ከቀትር በፊት የሮጠው መስመር ከራት በኋላ ሊያዘግም ይችላል። ከመግዛት በፊት ከዚያው ድርጅት ሲም ያለውን ስልክ በዚያችው ክፍል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ መሞከር ከብዙ ምክር ይበልጣል። ሳተላይት ለሩቅ ገጠር መልካም ነው። ነገር ግን 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከላይ ያለው ሳተላይት ጥያቄንና መልስን ለማመላለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃልና፤ ተነጋጋሪዎች እርስ በርሳቸው ቃል ይቋረጣሉ። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞሩት አዳዲሶቹ ይህ ችግር የለባቸውም።

ስንት ሜጋ ይበቃል? ለአንድ ሰው የቪዲዮ ስብሰባ ከሁለት እስከ አራት፤ ጥራት ላለው ፊልም አምስት ያህል ነው። እንግዲህ ሦስት ተማሪዎች እንደ ዕቁብ ገንዘብ አዋጥተው አንድ መስመር ቢያስገቡ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ሜጋ ያኖራቸዋል። መቶ ሜጋ ገዝቶ ኢሜይል ብቻ የሚያነብ ሰውም አይተናል፤ ገንዘቡ የራሱ ነውና አንፈርድበትም። ዳሩ ግን የማውረጃው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የመላኪያውም ይጠየቅ። በስብሰባ ላይ ፊታችንንና ድምፃችንን የሚያደርሰው መላኪያው ነው፤ በመዳብ መስመር ደግሞ ይህ ከማውረጃው እጅግ ያነሰ ነው።

ውሉ ሳይፈረም የሚጠየቅ ሌላም አለ። «ገደብ የሌለው» የሚለው ቃል ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ አይቀነስም ማለት ነው? ሞደሙ የማን ነው? ቤት ስንለቅ መስመሩን ለማዛወር ስንት ይከፈላል? መብራት ሲጠፋስ? የፋይበር ክር ራሱ መብራት አይፈልግም፤ በቤት ያለው ሞደም ግን ይፈልጋል። ብዙዎቹ ሞደሞች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ባትሪ ብትገዛ ለጥቂት ሰዓት ታቆያለች፤ ፈተና ላለበት ተማሪ ይህች ወጭ ተጨማሪ ሜጋ ከመግዛት ትቀድማለች።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ከሻጩም ከሞደሙም አይደለም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የምንላከው ሁሉ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ገመድ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ሥር ያሉ ገመዶች በተበጠሱ ጊዜ የብዙ አገሮች ኢንተርኔት ታውኳል።

ያ ወዳጃችን ከመርካቶ ሃያ ሜትር የኔትወርክ ገመድ ገዝቶ በመስኮት በኩል ወደ ክፍሉ አስገባ። አከራዪቱም ልጆቻቸው በሳሎኑ ዋይፋይ እንዲጠቀሙ ቃል ካስገቡት በኋላ ፈቀዱለት። የትምህርቱ ዕድል ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለ ነበረ፤ አሁን ለሚመጣው ዓመት ማመልከቻ በማዘጋጀት ላይ ነው።