በመሣሪያዎች የዕውቀት መረብ «የ» ስለምትሸሽገው ዝምድና

ከቦንጋ ከተማ ብዙም በማይርቀው በውሽውሽ የሻይ ቅጠል ከተለቀመ በኋላ ይጠወልጋል፤ ይፈጫል፤ ይብላላል፤ በሙቅ አየር ይደርቃል፤ በመጨረሻም በየደረጃው ይለያል። በዚያው በካፋ ዞን በሚገኙት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ደግሞ ቀይ እሸት ቡና ተፈልፍሎና ታጥቦ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሁለቱም ሥራዎች «ማድረቂያ» አላቸው። የሻዩ ማድረቂያ ማራገቢያና ሞተር ያለው ማሽን ነው፤ የቡናው ግን በእንጨት ላይ የተወጠረ ወንፊት መሰል ሽቦ ነው። ሰው ከሰው ሲነጋገር ቦታው ራሱ ትርጉሙን ስለሚያስረዳ ችግር የለም። የሁለቱን ዘርፎች መሣሪያዎች በአንድ መዝገብ አሰባስቦ ጥገናውን በኮምፒዩተር ለመምራት የታሰበ እንደሆነ ግን ለአልጋው የሞተር ዘይት እስከ መታዘዝ ይደረሳል።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ዛሬ የሚመረጠው የመረጃ ማደራጃ ዘዴ «ኖሌጅ ግራፍ» የሚባለው ነው። ስሙ በሰፊው የታወቀው ጉግል በ2012 እ.ኤ.አ. ለፍለጋ አገልግሎቱ ከተጠቀመበት ወዲህ ነው። እኛ «የዕውቀት መረብ» ብለነዋል። «ግራፍ» የሚለውን ተውሶ ቃል ያልመረጥነው አንባቢው በትምህርት ቤት የሚያውቀውን ባለመስመር ሥዕል ስለሚያስታውሰው ነው። መረብ ግን ቋጠሮና ክር አለው፤ ቋጠሮው ነገሩ፣ ክሩም በነገሮች መካከል ያለው ዝምድና ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ዐቀፉ ድር ጥምረት ያጸደቀው «አር ዲ ኤፍ» የተባለው ደንብ እያንዳንዱን መረጃ በሦስት ክፍል ያስቀምጣል። የክፍሎቹ ስያሜ ከሰዋስው የተወሰደ በመሆኑ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻንም፤ ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ የታወቁ ናቸው። «ሞተሩ ማራገቢያውን ያዞራል» ስንል አንዱን የመረቡን ክር ጽፈናል ማለት ነው።

ዋናው ችግር ያለው በንብረት መዝገቦች ልማድ ላይ ነው። መዝገብ አንቀጽ አይወድም፤ ስም ብቻ ይደረድራል። «የፋብሪካው ማድረቂያ»፣ «የማድረቂያው ማራገቢያ»፣ «የማራገቢያው ሞተር»፣ «የሞተሩ ኃላፊ» የሚሉትን እንመልከት። አራቱም በአንዲት «የ» ተያይዘዋል፤ ዝምድናቸው ግን አራት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው መገኛን፣ ሁለተኛው አካልነትን፣ ሦስተኛው ኃይል መቀበልን፣ አራተኛው የሥራ ኃላፊነትን ያመለክታል። ሞተሩ ሲቆም ማራገቢያው ይቆማል፤ ሙቁ አየር ይቋረጣል፤ ቅጠሉም በጊዜው ባለመድረቁ ከሚገባው በላይ ይብላላል። ኃላፊው ፈቃድ ቢወጣ ግን ሞተሩ አይቆምም፤ ቢያንስ ወዲያውኑ አይቆምም። ኮምፒዩተሩ የፊተኛውን ሰንሰለት ተከትሎ የኋለኛውን ሊተው የሚችለው በ«የ» ፋንታ «ይገኛል»፣ «ተገጥሟል»፣ «ያዞራል»፣ «ይቈጣጠራል» የሚሉ አንቀጾች ተጽፈው ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ በክሮች ስያሜ ውስጥ አገናዛቢዋ «የ» እንዳትገባ ሐሳብ እናቀርባለን።

ሌላው «መ…ያ» የሚለው ቅርጽ ነው። መሣሪያንም ቦታንም ስለሚሰይም «ቡና ማጠቢያ» ሲባል አንዳንዴ ገንዳው፣ አንዳንዴ ጣቢያው በሞላ ነው። ለቦታው «ጣቢያ» ወይም «ክፍል» የሚል ቢታከልበት ይለያል። የሙያው ሰዎች ራሳቸው የለዩትን ግን መንካት አይገባም፤ የእሸቱን መፈልፈያና የጀንፈሉን መቀሸሪያ አያደባልቁም። «አልጋ» ለሙያ መዝገብ አይመጥንም የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኛ ከ«ማድረቂያ» እንመርጠዋለን።

የመረቡ ቋጠሮ በየትኛውም ቋንቋ ያልሆነ መለያ ቍጥር አለው፤ ስሞች በእርሱ ላይ ይንጠለጠላሉ። ጋራዡ ከጣልያንኛ ወስዶ «ኩሽኔታ» የሚለውን የመለዋወጫ ዝርዝሩ «ቤሪንግ» ይለዋል፤ ሁለቱ በአንድ ቍጥር ካልተሳሰሩ ዕቃው መደርደሪያ ላይ እያለ «የለም» ይባላል። «ቡና» እና የካፊኖኖው «ቡኖ» እንዲሁ በአንድ ቋጠሮ ሊውሉ ይገባል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም የማሽኑን ያልተለመደ ድምፅ አስቀድሞ የሚሰማው አጠገቡ የቆመው ሠራተኛ ነው፤ የካፊኖኖ ስያሜዎችም ከእርሱ አንደበት ይመዝገቡ እንላለን።