‹‹ምን ታመጪያለሽ?››

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ ጥብቅና ስሠራ ስለ ድንበር ጠብ ከሚመጣው ሰው አፍ ዘወትር የምሰማው ቃል ‹‹ጠግቦ ነው›› የሚለው ነው። ያው ሰው አቤቱታውን ራፖር ጸሐፊ ዘንድ አጽፎ ሲመጣ ግን ጥጋብ ከወረቀቱ ጠፍቷል፤ በቦታው ‹‹በእብሪት ተነሳስቶ›› ወይም ‹‹በማን አለብኝነት›› ገብቷል። ቃሉ ከበድ ስላለ ክሱም የከበደ ይመስላቸዋል። ዳኛው ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። ‹‹ሁከት ይወገድልኝ›› ለሚል ሰው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 የሚጠይቀው ይዞታው በማን እጅ እንደነበር፣ ማን እንደነጠቀ ወይም እንዳወከ፣ ሁለት ዓመት አልፎ እንደሆነ ነው። የተከሳሽ ልብ ማበጥ አለማበጡን አይጠይቅም።

አንዲት እናት ‹‹ልጄ፣ ጥጋቡን ጻፍልኝ›› ብለው ተቀመጡ።

‹‹ምን አደረገ እማማ?››

‹‹የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደኔ አስገባዋ!››

‹‹ሲያስገባ እርስዎ ነበሩ?››

‹‹ቆሜ። ‹ኧረ በእግዜር› ብለው ቀና ብሎ አየኝና ‹ምን ታመጪያለሽ?› አለኝ።››

አቤቱታው ላይ ‹‹በእብሪት›› የሚለውን ሰርዤ እንዳሉት ጻፍኩት፤ ድንጋዩን፣ የሄደበትን እርምጃ፣ የተናገረውንም። ‹‹ምን ታመጪያለሽ›› ውስጥ አቅም የሌላት መሆኗን አውቆ መዳፈር አለ። የእብሪት ትርጉሙ እዚያ ጋ ነው።

ኩራትን ከዚህ ጋር የሚያምታታ ሰው ያናድደኛል። የመንዝ ሰው ኩሩ ነው። ዘሩን እስከ አቅኚ አባቶቹ እስከ አስቦ ወይም እስከ ጌራ ቆጥሮ ‹‹የአጽመ ርስት ልጅ ነኝ›› ሲል ከማንም ላይ የወሰደው ነገር የለም። ትዕቢትም ቢሆን፣ ከ‹‹ዐቢይ›› ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነውና ራስን ከልክ በላይ ማተለቅ ነው፤ ሰው ከነትዕቢቱ ቤቱ ሊቀመጥ ይችላል፤ ጉዳዩ የንስሐ አባቱ ነው። እብሪት ግን ተበዳይ ከሌለ የለም። ለዚህ ነው ያለ ድርጊት እንዳይጻፍ አጥብቄ የምከራከረው። በኢሕአዴግ ዘመን ‹‹ትምክህተኛ›› የሚለው ቃል ምን እንዳደረገ ሳይነገር በሰው ላይ ሲለጠፍ አይተናል። ‹‹አይደለሁም›› ብሎ ማስረጃ የሚያቀርብበት መንገድ እንኳ አልነበረም።

የጥንት አቴናውያን ይህን ነገር ‹‹ሂብሪስ›› ብለው በሕግ ወንጀል አድርገውት ነበር። ሀብታሙ ሜይዲያስ ተናጋሪውን ዴሞስቴንስን በበዓል ቀን፣ በሕዝብ ፊት ፊቱን መታው፤ ዴሞስቴንስ የጻፈው ክስም የምቱን ሕመም ትቶ የተመታበትን ሁኔታና የመቺውን አኳኋን አጥብቆ ያነሳል። እኔን የሚገርመኝ ግን በሂብሪስ መክሰስ የሚችለው ተበዳዩ ብቻ አለመሆኑ ነው። ማንኛውም ዜጋ ይከስ ነበር። በደሉ የሁሉም ነው ብለው ነበራ።

ይህን ሳስብ የመንዙ የጋራ ሣር ምድር፣ ጓሳ፣ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ የእረኛ ገሳ ነው፤ ውስጡ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። አባቶቻችን ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት፣ አፈሮ የሚባል አለቃ መርጠው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ በበጋ ከፍተው፣ ክረምት ሲገባ መልሰው ይዘጉት ነበር። ሲከፈት ለባለመብቱ ሁሉ፣ ሲዘጋም በሁሉም ላይ። ያለ ጊዜው ያጨደውን የሚይዙት ያው ባለመብቶቹ ነበሩ፤ ‹‹ማን አለብኝ›› ላለ ሰው ‹‹እኛ አለንብህ›› የሚል ነበረ ማለት ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ያ ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። ዛሬ ሕዝቡ በኮሚቴና በደንብ መልሶ ይዞታል፤ እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። የእማማን ድንጋይ የነቀለ ሰው ፊት ለፊቱ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ሌሊት ከብት ወደ ጓሳ የሚነዳ፣ እርሻውን በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ጓሳ የሚገፋ ሰው ግን ‹‹ምን ታመጣለህ›› የሚለው እንኳ የለውም፤ ለማንም ሳይናገር ለሁላችንም ተናግሮታል። እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲጻፍ ‹‹በማን አለብኝነት ጥብቅ ስፍራውን ደፍሮ›› ብሎ ማለፍ ከሳሹን ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ትልሙ ከየትኛው የወሰን ምልክት ስንት እርምጃ እንዳለፈ፣ በየትኛው ወር እንደታረሰ፣ ጠባቂው ሲከለክለው ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ማን እንደሰማ ይጻፍ። ጠባቂዎቹም ያን ዕለት የሰሙትን ቃል ሳይለውጡ ደብተራቸው ላይ ይያዙልን።