ሙኩና፦ መጠኑን ማን ይለካው?

የሙኩና ፍሬ ዱቄት በካፕሱል ታሽጎ «ስሜት ያነቃቃል፣ ጉልበት ይሰጣል» እየተባለ በኢንተርኔት እንደ ጉድ ይቸበቸባል። ሻጮቹ «ተፈጥሯዊ ዶፓሚን» ይሉታል። ፍሬው በብዛት የያዘው ግን አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠውን ሌቮዶፓን ነው፤ ሐኪም ለፓርኪንሰን፣ እንቅስቃሴን ለሚያውከው የአንጎል ሕመም፣ የሚያዝዘውን ያንኑ መድኃኒት። ብዙውን ጊዜ ከደረቅ ፍሬው ክብደት ከ4 እስከ 6 በመቶው ሌቮዶፓ ነው።

ሙኩና በሞቃታማ አገሮች የሚበቅል፣ የባቄላና የአደንጓሬ ዘመድ የሆነ ሐረግ ነው። የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ የአዩርቬዳ፣ ሐኪሞች ለዘመናት ተጠቅመውበታል፤ ሌቮዶፓን ከፍሬው የለዩትም እ.ኤ.አ. በ1937 ሕንዳውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ለመካንነትና ለእባብ መርዝ ፍቱን ነው የሚባለው በቂ ማስረጃ የለውም፤ እንለፈው።

ክርክሩ የጦፈው ዱቄቱ የፓርኪንሰንን የሌቮዶፓ ክኒን ይተካል ወይ በሚለው ላይ ነው። ክኒኑ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ በመሆኑ ብዙ ድሃ ቤተሰብ አይችለውም። ጣሊያናዊው ሐኪም ሮቤርቶ ቺሊያና ባልደረቦቹ በቦሊቪያ 18 ሕመምተኞችን ተቆልቶ የተፈጨ ሙኩና አጠጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ውጤት አንድ ጊዜ የተወሰደው ዱቄት ከክኒኑ እንደማያንስ አሳየ። ብዙዎች ጮቤ ረገጡ። በሌላ ጥናት ዱቄቱን በየቀኑ እንዲወስዱ ከተደረጉት 14 ሰዎች ግን 7ቱ አቋረጡ፤ አራቱ ሆዳቸው አልቀበል ብሏቸው፣ ሦስቱ እንቅስቃሴያቸው እየከፋ ሄዶ። ለእኔ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚመዝነው ይህ ሁለተኛው ውጤት ነው።

ምክንያቱም ክኒኑ ውስጥ ካርቢዶፓን የመሰለ አጋዥ አለ፤ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ ወደ ዶፓሚን እንዳይለወጥ ይከላከላል። ዱቄቱ ይህ አጋዥ ስለሌለው መጠኑ መብዛት አለበት፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና የደም ግፊት መውረድም ይከተላል።

መጠኑ ሳይለካ ሲቀር የሚሆነውን ሞዛምቢክ አይታዋለች፤ እዚያ ፍሬው የችግር ጊዜ ምግብ ነው። ሴቶች ደጋግመው እየቀቀሉ ውሃውን ይደፉታል፤ ሌቮዶፓው የሚወጣው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአገሪቱ ናምፑላ ክፍለ ሀገር፣ በድርቅ ውሃ ጠፍቶ እንደ ወትሮው ሳይቀቀል ተበላ፤ ከ200 በላይ ሰዎች አእምሯቸው ታወከ።

ዛሬ ያለው አደጋ ደግሞ ሌላ ነው። ክኒን እየዋጠ ዱቄቱን ለሐኪሙ ሳይናገር የሚጨምር ሕመምተኛ ሌቮዶፓን ደርቦ ይወስዳል፤ ከፈቃድ ውጭ የሆነ የሰውነት እንቅስቃሴና የሌለ ነገር ማየት ሊያስከትልበት ይችላል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ሙኩና መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያውቀው አይወሰድ።