ቆጣቢው አውቶሞቢልና የጋይንት ዳገት

በየመሥሪያ ቤቱ ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ቤንዚን የማያበዛ፥ ቤተሰብ የሚይዝ፥ ዕቃም የሚጭን መኪና የቱ ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ከያዘ ጥቂት ዓመት የሆነው ወጣት ሹም ነው። ገንዘቡም ከደመወዙ ቆጥቦ፥ እቁብ ጥሎ፥ የጐደለውንም ተበድሮ ያጠራቀመው ስለ ሆነ፥ ምርጫው ቢበላሽበት ሁለተኛ የሚሞክርበት የለውም። እንግዲህ ነገሩ በሻይ ሰዓት ተወርቶ የሚቀር አይደለም።

ጥያቄውን በደፈናው ከመመለስ ይልቅ አንድ አገር ይዘን ብንመለከተው ይሻላል ብለን የደቡብ ጎንደርን ምሥራቅ፥ ማለት ጋይንትን፥ ስማዳንና እስቴን መርጠናል። ከእነዚህ አገሮች ወጥተው በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የሚማሩና የሚሠሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለጥምቀት፥ ለፋሲካ ወይም ለሠርግ ወደ ወላጆቻቸው ሲሄዱ የሚወጡት ዳገትም ማንኛውንም ሞተር ይፈትናል። ከፎገራ ሜዳ ዳር ያለችው ወረታ ከፍታዋ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ላይ ትገኛለች። ከዚያ በጉና ተራራ ትከሻ አልፈን ነፋስ መውጫ ስንደርስ 3,100 ሜትር ገደማ ወጥተናል። ስሟን ያወጣላት ሰው ብርዱን ሳይቀምስ እንዳላወጣላት የታወቀ ነው። ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የሚሄደው ሰው ደግሞ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ሌላ ዳገትና ሌላ ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

በዚህ አገር ከባድ ጓዝ በመንኰራኵር መጓዝ የጀመረው አውቶሞቢል ከመፈጠሩ በፊት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን «ሴባስቶፖል» የተባለውን 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፥ በጋይንት በኩል ጨጨሆን አሳልፈው መቅደላ ያደረሱት በመጋቢት ወር ነበር። ለዚያ ጉዞ ገደሉን እየናዱ መንገድ ማውጣት አስፈልጓል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ተጽፏል። ስድስት ወር የፈጀባቸው የመድፉ ስፋት ሳይሆን ክብደቱና ዳገቱ ነው። ዛሬ በደርግ ዘመን ቻይናውያን በሠሩት በወረታና በወልድያ መንገድ ላይ ያንኑ አቅጣጫ በሰዓታት እንሄደዋለን። ክብደትና ዳገት ግን ያው ናቸው፤ መኪና መራጩም ሊያስብባቸው የሚገባው በእነዚህ ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። «ሃይብሪድ» የሚባለው አውቶሞቢል ሁለት ኀይል አለው፤ አንዱ የቤንዚን ሞተር፥ ሁለተኛው በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የጃፓኑ ቶዮታ ፕሪየስ የሚባለውን ለገበያ ያወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነበር። የቁጠባው ምሥጢር ቀላል ነው። ሌላው መኪና ፍሬን ሲይዝ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል፤ ሃይብሪዱ ግን ከፊሉን መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስቀምጥና ሲነሣ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቆም ነሣ በሚባልበት በከተማ መንገድ ተወዳዳሪ የለውም። የፕሪየስ ዓይነቱ በ100 ኪሎ ሜትር ከ4 እስከ 5 ሊትር ቢበላው ነው። በሜክሲኮ አደባባይ ወይም በመገናኛ ሰልፍ ይዞ የሚውል ሰው ቢገዛው አንፈርድበትም። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ መሄዱንም የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ዳሩ ግን ይኸው መኪና ጋይንት ሲወጣ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅመውና አንድ የማይጠቅመው ነገር አለ።

የሚጠቅመው ይህ ነው። የቤንዚን ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ አየሩ ሲሣሣ ይደክማል። ነፋስ መውጫ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ከሩብ በላይ የሣሣ ስለ ሆነ፥ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚያ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ ከፍታ አያደክመውም። እንግዲህ ሃይብሪዱ ከአንዲት አጭር ዳገት ሥር ሲነሣ ከእኩያው የቤንዚን መኪና ይልቅ ደኅና ይስባል።

የማይጠቅመው ደግሞ ባትሪው ትንሽ መሆኑ ነው። ለተማሪ አንባቢዎቻችን በቁጥር እናስረዳ። ሰውና ዕቃ ጭኖ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ 1,400 ሜትር ያህል ሲወርድ፥ ክብደቱን በስበትና በከፍታው ብናባዛው 7 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ጉልበት ይለቃል። የነፋሱንና የጎማውን መቋቋም ብንቀንስለት እንኳ 5 ያህል ይተርፋል። የተለመደው ሃይብሪድ ባትሪ ግን በጠቅላላው ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ከዚያም መኪናው እንዲጠቀምበት የሚፈቀደው ግማሽ ያህሉ ነው። ቁልቁለቱ ገና ሲጀመር ባትሪው ይሞላል፤ የቀረው ጉልበት መግቢያ ያጣል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣም ያቺ የተጠራቀመች ጉልበት ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ታልቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱን የሚወጣው ትንሹ የቤንዚን ሞተር ብቻውን ነው። ከወረታ ወደ ነፋስ መውጫ ሲወጣም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ ከፍታው ብቻ 2 ሊትር ያህል ቤንዚን ይጠይቃል፤ ማንም ፋብሪካ ከዚህ ሊያድነን አይችልም።

ከዚህም አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ይወጣል። ብዙዎቹ የቶዮታ ሃይብሪዶች በማርሹ ላይ «ቢ» የሚል ቦታ አላቸው፤ ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ እንዲይዘው ያደርጋል። ባትሪው ሞልቶ ሳለ በረዥም ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያግላል፤ ሲግልም አይዝም። ቤተሰብ ጭኖ ዓባይን የሚወርድ ሰው ይህን ሳያውቅ መሪ ባይይዝ ደስ ይለናል።

ስለ ጓዝም እንነጋገር። መኪና ሻጮች የኋላውን የዕቃ ቦታ በሊትር ይነግሩናል። ለምሳሌ የ2019 እ.ኤ.አ. ሞዴል ራቭ 4 ሃይብሪድ 580 ሊትር ይይዛል ይባላል፤ መልካም ስፋት ነው። ነገር ግን የእኛ ሰው ከአገር ሲመለስ የሚጭነው ሻንጣና የሽርሽር ወንበር ሳይሆን ከስማዳ ጤፍ፥ ከጉና ግርጌ ድንች፥ ከእስቴ ደግሞ እናት «ለልጆቹ ይሁንልኝ» ብላ ያሰረችው ማር ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ የሚይዘው ቦታ 125 ሊትር ያህል ቢሆን ነው። በቦታ ብቻ ብንለካው እንግዲህ አራት ኩንታል ከኋላ ይገባል ማለት ነው።

ይግባ እንጂ መኪናው አይሸከመውም። እንዲህ ያለው የቤተሰብ አውቶሞቢል እንዲሸከም የሚፈቀድለት ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ነው። አምስት ጐልማሶች ሲቀመጡበት 350 ኪሎ ሄደ፤ የቀረው ግማሽ ኩንታል፥ ቢበዛ አንድ ተኩል ነው። ስለዚህ ገዢው ከሊትሩ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጫን አቅሙን ነው፤ ይኸውም ከሙሉ ክብደቱ ላይ ባዶ ክብደቱን ቀንሶ የሚገኘው ነው። የሚያስፈልገው ቁጥር በመኪናው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሰባት ወንበር ያላቸውም እንዳያታልሉን፤ የኋለኞቹ ሁለት ወንበሮች ሲዘረጉ ለዕቃ የሚቀረው ቦታ አንድ ኩንታልና አንድ ዘንቢል ቢይዝ ነው።

ከመሬት ያለው ከፍታም አለ። ፕሪየስ ከመሬት የሚርቀው 13 ወይም 14 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከኋላ ሲጫን ደግሞ ዝቅ ይላል። በአስፋልቱ ላይ ችግር የለም። ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ገጠር ገብቶ በጎርፍ የተቦረቦረ መንገድ ሲገጥመው ግን ሆዱ ድንጋይ ይነካል። 19 ሳንቲሜትር ያህል የሚርቀው ራቭ 4 በዚህ ይሻላል፤ ዋጋው ግን የወጣት ሹም ዋጋ አይደለም። ስኮርታ ጎማ መኖሩንም ማየት ነው፤ አንዳንዶቹ ሃይብሪዶች በስኮርታው ፈንታ የጎማ መጠገኛ ዕቃ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። በጨጨሆ አቀበት ጎማው የተቀደደበት ሰው መጠገኛው ምን ይፈይድለታል?

አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገርም እንጨምር። በፕሪየስ የባትሪው መተንፈሻ በኋላው ወንበር ጐን ነው፤ ጆንያ ሲደገፍበትና አቧራ ሲሞላው ባትሪው ይሞቃል፥ ዕድሜውም ያጥራል። ያገለገለ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው ይህን መተንፈሻ ከፍቶ ይይ፤ የባትሪውንም ጤና መመርመሪያ ባለው ጋራዥ ያስለካ። አዲስ ባትሪ ከቁጠባው የብዙ ዓመት ትርፍ ይበላል።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል፤ በኤሌክትሪክ ብቻ ለሚሠሩት ግን የቀረጥ ማቃለያ አድርጓል። ስለዚህ ሃይብሪድ ፈላጊው ባመዛኙ በአገር ውስጥ ያለ ያገለገለ መኪና ይገዛል። ከውጭ አስመጣለሁ የሚል ካለም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጉምሩክን ይጠይቅ። ሙሉ ኤሌክትሪኩን የሚመርጥ ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ከባሕር ዳር ነፋስ መውጫ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፥ ከነዳገቱ 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 60 የሚይዝ ባትሪ ያደርሰዋል፤ ሲመለስም ቁልቁለቱ ይረዳዋል፥ ትልቅ ባትሪ ስላለውም የሚለቀቀውን ጉልበት መቀበል ይችላል። ግን እዚያ ሲደርስ የት እንደሚሞላ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገድ እየዘጋ ስንቱን ተጓዥ እንዳስቀረም አይዘነጋም፤ ቤንዚንም ሆነ ባትሪ ለድንገት የሚሆን ትርፍ ይዞ መውጣት ግድ ነው።

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ዓመቱን ሙሉ በከተማ የሚሠራና ሦስት ጊዜ ብቻ ወደ አገሩ የሚወጣ ሰው፥ መኪናውን ለሦስቱ ጉዞ ሳይሆን ለቀሩት ቀኖች ይምረጥ፤ ዝቅ ያለው ሃይብሪድ ይበቃዋል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ለሚቀረው መንገድም መኪናውን ደብረ ታቦር ወይም ነፋስ መውጫ ዘመድ ግቢ ያቁም፤ በአውቶቡስ ይሂድ፤ ጤፉንም በጭነት መኪና ይላክለት። ሥራው በየወረዳው የሚያዞረው ሹም ግን ቁጠባውን ትቶ ከፍ ያለና ጠንካራ መኪና ይፈልግ፤ ለእርሱ ሃይብሪድ አያዋጣውም።

አዲስ አበባ ሆኖ የሚገዛ ሰው መፈተኛው ቅርቡ ነው። የእንጦጦ አናት ከነፋስ መውጫ ጋር በከፍታ ይቀራረባል። ዋጋ ከመቈረጡ በፊት አምስት ሰው ይሳፈርበት፥ ከኋላ አንድ ኩንታል ይጫንበት፥ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ይነዳ፤ ባትሪው የት ላይ እንደሚያልቅ፥ ከዚያም በኋላ ሞተሩ እንዴት እንደሚስብ ይታይ። ሲወርዱ ማርሹ «ቢ» ላይ ይግባ፥ ግርጌ ሲደርሱም ወርዶ የጎማዎቹን ዙሪያ ማሽተት ነው፤ የተቃጠለ ፍሬን ሽታው አይደበቅም።